ውጭ የሚያድሩ ኪዩቦች

ኖቬምበር 3

ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት። ገና ነው። እኛ ጋ ይሄ ብርድ አይባልም።

ጠዋት ውጭ ያደሩትን የኮንክሪት መፈተኛ ኪዩቦች ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ በረዷቸው እስኪለቅ ጠብቄ፣ መጭመቂያው ማሽን ላይ አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያው ገና ሲነካው ፍርክስ። ሁለተኛውም ፍርክስ። ሦስተኛው እጄ ላይ እያለ ነው ጠርዙ የተሸረፈው። አዲሱ ፀረ ብርድ መድኃኒት ይሄው ነው... ሲሚንቶው ሳይጠና ውሃው በረዶ እንዳይሆን ይጠብቃል የተባለለት። ምኑን ጠበቀው?

ሌቭ ኢግናትዬቪች ከኋላዬ ቆሞ ነበር። የሳይቱ አለቃ። ሲናደድ አይጮህም፤ ጓንቱን አውልቆ ጣቶቹን ያንቋቋል።

"ያበላሸው መድኃኒቱ ነው አንቺ?"

እኔ ምን አበላሻለሁ? አቦካሁ፣ ሳጥኖቹን ሞላሁ፣ ውጭ አሳደርኩ። ሌላ ምን አደረግኩ?

የአዲሱን መዋዕለ ሕፃናት የጣሪያ ሶሌታ ሙቀቱ እስኪመጣ ሳይጠብቅ መሙላት ይፈልጋል። ያውም እንደ ድሮው ማሞቂያ ሽቦ ሳይቀበርበት። ሽቦው መብራት ይበላል፤ የመንደሩ ጄኔሬተር ለቤቶቹም አልበቃ። ስለዚህ መድኃኒቱ የግድ ማለፍ አለበት። "አንዴ ድገሚው" አለኝ። "ካለፈ ከተማ ትልቁ ላቦራቶሪ አዛውርሻለሁ፣ ከነቤቱ። ካላለፈ እዚህ ላቦራቶሪም አያስፈልገኝ፣ አንቺም።"

ከተማ... ከሌና ወንዝ ማዶ። ጀልባው ቆሟል፤ በረዶው ደግሞ ገና መኪና አይሸከምም። እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ወጪም ገቢም የለም። ባሌ ኤርቺም ወርቅ ማውጫው ላይ ነው፣ እስከ ማርች አይመጣም። እኔና አባቱ፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ ምድጃ።

ቤት ገብቼ አግዳሚው ላይ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁና አለቀስኩ። እንዳይሰሙኝ አፌን ይዤ። ሰምተዋል መሰለኝ... መጥተው ያንን የነጭ ባዝራ ቆዳቸውን ጣሉብኝ። ራሳቸው ያሳደጓት ባዝራ ናት፣ ሞታም ከቤት አልወጣችም። ቆዳው ከነፀጉሩ አንድ ሰው ያህላል። ትንፋሽ አጠረኝ።

"አባባ፣ ቀበሩኝ እኮ!" ብዬ በእግሬ ገፈተርኩት።

አንስተው አጠፉትና እንደ ሁልጊዜው አግዳሚው ላይ አኖሩት።

ኖቬምበር 5

እንደገና አቦካሁ። በሙቅ ውሃ፣ መድኃኒቱን ጠብታ ሳላጎድል። አዲሶቹን ኪዩቦች ከዘበኛ ቤቷ ጀርባ ሳንቃ ላይ ደረደርኳቸው፣ ነፋሱ በቀጥታ የሚመታበት። ደንቡ ይሄ ነው፤ ሕንፃው የሚችለውን ብርድ ሁሉ ኪዩቡም መቻል አለበት። አብሮት ይበርዳል፣ አብሮት ያድራል። አለበለዚያ ምን ሊመሰክር ነው?

አባባ ለአዳር ጥበቃው ሲመጡ አገኙኝ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዘበኝነቱን የሰጧቸው በስንት ልመና ነው። ኪዩቦቹን ጎንበስ ብለው አዩአቸው።

"እዚሁ ነው የሚያድሩት?"

"አዎ አባባ።"

"ራቁታቸውን?"

ሳቅኩ። "ኮንክሪት እኮ ነው።"

"በእጅሽ አይደል የሠራሻቸው..." አሉና ገቡ። በመስኮቷ ሳያቸው ከምግብ ቋጠሯቸው ቅቤ ቆርሰው እሳቱ ውስጥ ከተቱ። አንድ ነገር ሲጀመር እሳት ሳያበሉ አይሆንላቸውም።

"ለማን ነው?" አልኳቸው።

"ለልጆችሽ።"

ልጅ ስላልወለድኩ ነገር መሆኑ ነው? አይመስለኝም። እሳቸው ተንኮል አያውቁም። ግን ቤት እስክደርስ ከነከነኝ።

ኖቬምበር 8

መስኮቱ ከውስጥም በረዶ ያዘ። ውጭው አይታይም። ዛሬ ሌላ ነገር የለም።

ኖቬምበር 13

ጎሽ! ሳምንት የሞላቸውን ኪዩቦች ሰበርኳቸው። ማሽኑ እስኪያቃስት ድረስ ቻሉ። ማመን አቅቶኝ ሌላ ጨመርኩ። እሱም ቻለ።

ሙቅ ውሃው ነው ለውጡን ያመጣው... መሆን አለበት። ወይ መጀመሪያ ላይ መድኃኒቱን በደንብ አላማሰልኩትም ነበር። ሌቭ ኢግናትዬቪች ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አየሽ? እጅሽ ነበር ችግሩ።"

ይሁን፣ እጄ ይሁን። ብቻ ይለፉ።

ኖቬምበር 19

ኤርቺም ደወለ። ድምፁ ይመጣል ይጠፋል።

"ያልፋል ነው የምትይኝ?"

"እስካሁን ጥሩ ነው።"

"ሳርጊላና፣ ከዚያ ቤት ካልወጣን እኮ እዚያው ሥር ሰደድን።"

"አባባስ?"

"እሱ አይመጣም። ለምነሽው ነበር? እኔ ስንቴ ለመንኩት! የበረዶ ውሃ ነው የሚጥመኝ እያለ..."

ስዘጋው አባባ ከመጋረጃው ወዲያ ሻይ ሲያማስሉ ሰማሁ። ስኳር አይጨምሩም እኮ። ምኑን ነው የሚያማስሉት? ግድግዳው ስስ ነው፣ መጋረጃው ደግሞ ያው መጋረጃ ነው።

ዲሴምበር 3

አለፉ! ሁሉም!

ለማወዳደሪያ ሙቅ ክፍል ውስጥ ካቆየኋቸው በጥንካሬ ብዙም አያንሱም። ሌቭ ኢግናትዬቪች ጠርሙስ ከፈተ። ያው ትንሽ ግራ ገብቶኝ ነበር... መድኃኒቱን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ከሃያ አምስት በታች አንመክርም ብለው ዕቃው ላይ ጽፈዋል። የኛዎቹ በሠላሳ ሲገረፉ ነው የሰነበቱት። ይሄን ስለው ሳቀ። "እነሱ ፈሪዎች ናቸው፤ እኛ የሌና ሰዎች ነን!" እኔም ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበራ።

ሶሌታው ያለ ሽቦ ይሞላል ተባለ።

ለአባባ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ፣ ጥርሳቸው እስኪታይ። ቀጥሎ "መቼ ነው የምትሄዱት?" አሉኝ። መንገዱ ሲከፈት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና መጥረቢያ ይዘው ለሻይ የሚሆን በረዶ ሊፈልጡ ወጡ። ገና ሁለት ባልዲ ሙሉ ነበረ።

ዲሴምበር 6

ሶሌታው ተሞላ። ሃያ ዘጠኝ ነበር፣ ሲጨርሱ ሠላሳ አንድ። ሽፋሽፍቶቻችን ላይ ትንፋሻችን ነጭ ሆኖ ቀረ።

ዲሴምበር 10

ከዚያው ዙር የተረፉ ሁለት ኪዩቦች ነበሩ። ለማስታወሻ አንዱን ከተማ ይዤ ልሄድ ብዬ ሳጸዳው... ፊቱ ላይ ፀጉር። ነጭ፣ ረጅም። ልነቅለው ስል እምቢ አለኝ። ኮንክሪቱ ገና እርጥብ ሳለ የገባ ነው። ሌላውንም አየሁት። እሱም ላይ አለ።

ከማን ነው? የኔ ፀጉር ጥቁር ነው።

ቤት መጣሁ። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ከእንጨቱ በቀር ከስሬ ምንም የለም። ያ ቆዳ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የሌለው? በየቀኑ እዚህ ላይ እየተቀመጥኩ አላየሁም?

ዲሴምበር 11

ከጥበቃ እስኪመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ቅንድባቸው ነጭ ሆኖ መጡ።

"አባባ፣ ቆዳው የታለ?"

"ሥራ ላይ ነው" አሉ ሳቅ እያሉ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ፤ ልነግርሽ ስል ነበር ዓይነት። ደስ ብሏቸዋል እኮ!

"ያን ቀን ወደ ግድግዳ ዞረሽ ስታለቅሺ አየሁ። እንዲያ የደከምሽባቸውን ነገሮች ብርዱ እየገደለብሽ። ታዲያ እኔ አጠገባቸው ነኝ፣ ምድጃ አለኝ፣ ቆዳ አለኝ። ሲመሽ አለብሳቸዋለሁ። ከሳንቃው ስር ረመጥ በባልዲ አደርጋለሁ። ጠዋት ሳትመጪ አነሳዋለሁ፣ ሰው ቢያይ ታፍሪያለሽ ብዬ።"

"በየቀኑ?"

"ጥጃ ሲወለድ ሰው አንድ ቀን አስገብቶ በማግስቱ ይጥለዋል?"

እዚህ አገር ሰው መኪናውን ብርድ ልብስ ያለብሳል። ድንቹን ከአልጋው ስር ያስተኛል። የሚወደውን ነገር ብርድ ላይ የሚተው ሰው የለም። እኔ ነኝ ያበድኩት። ዘመድ ባለበት፣ ምድጃ ባለበት፣ ከዘበኛ ቤት ጀርባ ደርድሬ የሄድኩት።

"ካለፉ እኛ እንደምንሄድ ያውቁ ነበር?"

"መጋረጃ ነው ያለን ልጄ።"

"ታዲያ ለምን?"

"ታለቅሺ ነበራ።"

መናገር ነበረብኝና ተናገርኩ። "አባባ፣ ሶሌታውንስ ማን አለበሰው?"

ያቀረብኩላቸውን የሻይ ሲኒ እንደያዙ ቀሩ። ቀስ ብለው አስቀመጡት። ገብቷቸዋል። ከብት ያረባ ሰው እኮ ናቸው፤ ሞቆ ያደረ ጥጃ ውጭ ስላደረው ምንም እንደማይናገር ያውቃሉ።

ዲሴምበር 12

ለሌቭ ኢግናትዬቪች ነገርኩት። ሶሌታው ላይ ይዞኝ ወጣ። መዶሻ አንስቶ መታው፤ ጓ! አለ።

"ስሚው! ይሄ ነው አልጠናም የምትይኝ?"

"የሚጮኸው በረዶው ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ነው እንደ ድንጋይ ያደረገው። ማሞቂያው ሲለቀቅ ይቀልጣል፣ ያኔ የሚይዘው ነገር የለም።"

ጓንቱን አወለቀ። ጣቶቹን አንቋቋ።

"ኪዩቦቹን የሸፈነው ማነው?"

ዓይኔ ሳላውቀው ወደ ዘበኛ ቤቷ ሄደ።

"ዘበኛው ነው። የባልሽ አባት። ፈተና ሆን ብሎ አበላሸ ብዬ ብከሰውስ? በዚያ ዕድሜው እስር ቤት ይከርማል? አንቺስ፣ የቤተሰብሽን ሥራ ፈርመሽ ያሳለፍሽው?" ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ያዘነልኝ ይመስል ነበር። "ሶሌታውን ከስር የያዙት ድጋፎች በዚህ ሳምንት ይነሳሉ። ማሞቂያው ከበዓል በኋላ ይለቀቃል። አንቺ ያኔ ከተማ ነሽ። መዛወሪያሽን ፈርሜዋለሁ፤ መንገዱ ሲከፈት ሂጂ። ምን አገባሽ?"

ሊይዘኝ ይችላል፣ ያዘኝም። ብናገር አባባ ይታሰራሉ። ዝም ብል... ማን እንደሆነ እንኳን አላውቅም፣ ከስር የሚቆመው።

ዲሴምበር 13

ዛሬም አልተናገርኩም። ፈሪ ነኝ።

ዲሴምበር 15

ድጋፎቹን አነሱ። ሶሌታው ቆሟል። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ የኔ አልመስል አለኝ።

ዲሴምበር 17

የወንዙ መንገድ ተከፈተ! የመጀመሪያው መኪና መንደሪን ጭኖ በበረዶው ላይ መጣ፤ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ተቀበለው።

ማትሪዮና ጎረቤቴ መንደሪን በኪሷ ሞልታ መጣች። ገና በሩ ላይ ሆና ነው ወሬውን የጀመረችው።

"እንኳን ደስ አለሽ በይኝ! የመዋዕለ ሕፃናቱን ልስን ለኛ ለሴቶቹ ሰጡን። ማሞቂያው እንደተለቀቀ እንገባለን። በቲሸርት እንሠራለን አሉ፣ በቲሸርት! በጃንዋሪ! እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን በጓንት ነው የለሰንኩት።"

"ስንት ናችሁ?"

"ስድስት። ኒካዬንም ምሳ ሰዓት አመጣታለሁ፣ ትሙቅ። ያው የሷ መዋዕለ ሕፃናት አይደል? አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው? መንደሪኑን ብዪው እንጂ፣ ጨመቅሽው እኮ።"

እጄ ላይ ፈርጦ ነበር።

ማን እንደሆነ አላውቅም ብዬ ጽፌ ነበር። አሁን አወቅኩ። ከነልጇ።

ኤርቺም ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። "ዝም በዪና ውጪ" አለኝ። "አንቺ ዝም ካልሽ አባቴን ማን ይከሰዋል? ቅዳሜ መኪና አለ። ውጪ ብቻ። ሌላውን ከተማ ሆነሽ እናስባለን።" ከተማ ሆኜ ምኑን ነው የማስበው? ክፉ ሰው አይደለም። ሩቅ ስለሆነ ነው።

ዲሴምበር 21

ከሶሌታው ጠርዝ፣ ከሳንቃው ውጭ ፈስሶ የቀረ ቁራጭ ነበረ። በመዶሻ ሰብሬ በከረጢት አመጣሁት። ለመስበር ክንዴ እስኪዝል መታሁት። ሳፋ ውስጥ አድርጌ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት።

እኔና አባባ ፊት ለፊት ተቀምጠን አየነው። መጀመሪያ አላበው። ቀጥሎ ጠቆረ። ምሳ በልተን ስንጨርስ ጠጠሩ ከዳር እየተንሸራተተ ይወርድ ጀመር። አባባ ጣታቸውን ከተቱበት። ገባ።

"ገንፎ" አሉ።

ጣታቸውን ሳይጠርጉ ብዙ ቆዩ።

ዲሴምበር 23

መኪናው ጠዋት መጣ። ሻንጣዬን አስሬ ነበር፤ አዎ፣ አስሬ ነበር። እዚህ ለማን እዋሻለሁ?

ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ የመኪናው መብራት ብቻ ነው የሚታየው። አባባ ሻንጣውን ተሸክመው ወጡ፣ እኔ ልያዘው ብል እምቢ አሉ።

"ሂጂ" አሉኝ። "እኔ እነግራቸዋለሁ። ያለበስኩት እኔ ነኝ። አንቺ የለሽበትም።"

"ማን ያምንዎታል አባባ?"

"ቆዳውን አሳያቸዋለሁ።"

ቆዳውን! በዓይኔ መጣብኝ። እዚያ አለቃው ፊት ቆዳቸውን ታቅፈው ቆመው፣ ሰው ሲስቅባቸው... ሽማግሌው ጃጀ ይላሉ። ሴቶቹም ይገባሉ፣ ይለስናሉ።

ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። "እመቤቴ፣ ሞተሩ ቀዘቀዘ እኮ! ትገቢያለሽ አትገቢም?"

እግሬን ደረጃው ላይ አድርጌ ነበር። ወንበሩ ይታየኛል፣ ሞቃት ነው፣ ባዶ ነው። ኤርቺም እንዳለው ውጪ ብቻ...

"ሂድ" አልኩት።

ተሳደበ። ሄደ። ጉሙ ወዲያው ዋጠው። እኔና አባባ አንድ ሻንጣ መሃላችን አድርገን ቆመን ቀረን። ደስ አላለኝም። እንደ ጀግና አልተሰማኝም። በር ሲቆለፍብኝ ነው የሰማሁት፤ ቆላፊዋም እኔው።

ጃንዋሪ 2

አዲስ ዓመት አለፈ። እንደ ሁልጊዜው የፈረስ ሥጋ በላን። ኤርቺም አልደወለም።

ጃንዋሪ 9

በዓሉ አለቀ። ማሞቂያው ነገ ይለቀቃል፣ ሴቶቹም ነገ ይገባሉ።

ጠዋት ሌላ ቁራጭ ከጠርዙ ሰብሬ ሴቶቹ ልብስ ወደሚቀይሩበት ጎጆ ይዤ ገባሁ። በርሜል ምድጃው ቀይ ሆኗል። ስድስቱም ዕቃቸውን እያዘጋጁ ይንጫጫሉ። ሳፋውን ምድጃው ስር አስቀመጥኩት።

"ምንድነው ያመጣሽልን፣ ዓሣ?" አለች ማትሪዮና።

"የሶሌታችሁ ቁራጭ ነው። ምቱት።"

መቱት። በመዶሻ፣ በብረት። አንዷ ረገጠችው። ምንም።

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"አሁን ሻይ ጠጡ።"

አበደች ሳይሉኝ አልቀሩም። ሻይ ጠጡ። ስለ በዓሉ፣ ስለ ባሎቻቸው አወሩ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ዓይኔን ከሳፋው ላይ አላነሳሁም። ባይቀልጥስ? ይሄኛው ቢጸናስ? በልቤ እሱን ነበር የምመኘው እንዴ... ባይቀልጥ ሁላችንም ተገላገልን።

መጀመሪያ ያየችው ማትሪዮና ናት። ሲኒዋን ይዛ ጎንበስ አለች። በማንኪያዋ ነካችው። ማንኪያው ገባ። ዞር ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ደም አልነበረም።

"ሳርጊላና... ነገ እኮ ከዚህ ስር ነው የምንገባው።"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከዲሴምበር።"

በጥፊ መታችኝ። የሚገባኝ ነው። ስትጮህ ሌቭ ኢግናትዬቪች ሰምቶ ገባ። ሳፋውን አየ፣ እኔን አየ።

"ይሄ ከሶሌታው መሆኑን በምን አወቃችሁ? ጭቃ አቡክታ ያመጣች እንደሆነስ? ፈተናውን ራሷ ናት ያሳለፈችው! ጠይቋት!"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተና ጉም ገባ፣ ከጉሙ ውስጥ አባባ። ቆዳውን ትከሻቸው ላይ ጥለው። በዚህ ሰዓት መተኛት ነበረባቸው።

"ፈተናውን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ" አሉ።

አንዷ ሳቀች። አባባ ጠበቁ፣ ሳቋን እስክትጨርስ።

"ኪዩቦቹን በዚህ ቆዳ አልብሻቸው ነበር። ረመጥም አደርግላቸው ነበር። ይኸው ሲሚንቶው።" የቆዳውን ጫፍ ገለበጡ፤ ፀጉሩ ላይ ግራጫ ቅርፊት ደርቋል። "እሷ አታውቅም ነበር። ስታውቅ ለዚህ ሰውዬ ነግራዋለች። ያስራል ካላችሁ ይሰረኝ። ብቻ እዚያ ስር አትግቡ ልጆቼ። ሶሌታውን ያለበሰው የለም።"

ማንም አልሳቀም።

ማትሪዮና ያዘጋጀችውን ዕቃ ወደ ከረጢቷ መለሰች። "እኔ አልገባም። ኒካም አትገባም።" አምስቱም ተከተሏት።

"ዘበኛና የዘበኛ ምራት!" አለ ሌቭ ኢግናትዬቪች። "ነገ ማሞቂያውን አስለቅቃለሁ፣ ቆሞ ታዩታላችሁ። ያኔ እንተያያለን።"

ጃንዋሪ 13

ዛሬ ከቀትር በኋላ ወደቀ።

ሦስት ቀን ሲሞቅ ቆየ። ቆመ፣ እውነትም ቆመ። ሌቭ ኢግናትዬቪች ባገኘኝ ቁጥር በጣቱ ወደ ላይ ያሳየኝ ነበር። ከዚያ ዛሬ... እንደ ፍንዳታ አይደለም። እንደ ረጅም ትንፋሽ ነው የሰማሁት። ስንሮጥ ደረስን፤ መሃሉ ተንዶ ወለሉ ላይ ተከምሯል፣ ብረቶቹ ተንጠልጥለዋል፣ እንፋሎት ይወጣል። ሰው የለም። ከስር ማንም የለም። የሴቶቹ ስካፎልድ ብቻ ተጣጥፎ።

ማትሪዮና ኒካን በብብቷ ሥር አጥብቃ ይዛ ቆማ ነበር። ወደኔ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ይቅርታም አላለች፣ አመሰግናለሁም አላለች። እስክንለያይ ክንዴን አልለቀቀችም።

ጃንዋሪ 20

ሌቭ ኢግናትዬቪች በበረዶው መንገድ ከተማ ሄደ፤ አልተመለሰም። ላቦራቶሪው ታሸገ። አባባን ከሥራ አባረሯቸው፣ ክሱ ግን ቀረ። በሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ላይ፣ ያውም የባዝራ ቆዳ ማስረጃ ይዞ ማን ፍርድ ቤት ይቆማል? የኔ መዛወሪያ ተሰረዘ። ፊርማዬ የፈተናው ወረቀት ላይ አለ፤ የሚፈልገኝ ላቦራቶሪ የለም።

ኤርቺም ደወለ። "አባቴ ደህና ነው?" አለ። ደህና ናቸው አልኩት። "አንቺስ?" አላለም። ቀጥሎ ግን ሊዘጋ ሲል "እኔ እዚያ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም" አለኝ። ይሄ ከሱ ብዙ ነው።

መንገዱ ክፍት ነው፣ መኪናው በየቀኑ ያልፋል። የምሄድበት ግን የለም። ወንዙ ሳይሻገሩት ሲቀር እንዲህ ነው ለካ... ክፍት ሆኖም ይዘጋል።

ፌብሩዋሪ 4

ሠላሳ አንድ ብቻ። ከሃምሳዎቹ በኋላ ሙቀት ነው፤ ልጆች ኮታቸውን ከፍተው ሲሮጡ አየሁ።

ሶሌታው ለምን እንደወደቀ ልትመረምር ከከተማ የመጣች መሐንዲስ ስትጠይቀኝ ከርማ ነበር። አሁን ሥራ ሰጠችኝ። መድኃኒቱ ራሱ ይፈተን፣ በትክክል፣ ካልሆነ ለሌላ መንደርም ይሸጣል አለች። ላቦራቶሪው እንደታሸገ ነው ስላት "ብርዱ ግቢሽም አለ አይደል?" አለችኝ።

በረንዳችን ላይ አቦካሁ። ኪዩቦቹን ግቢው ውስጥ፣ ለመጠጥ ከተቆለለው በረዶ አጠገብ፣ ሳንቃ ላይ ደረደርኳቸው። አባባ ሳጥኖቹን ያቀብሉኝ ነበር። ስንጨርስ ገባሁና ሻይ ጣድኩ።

ሻዩ ደረሰ። አልገቡም። መስኮቱን በጥፍሬ ፍቄ አየሁ፤ ቆዳውን ይዘው ኪዩቦቹ አጠገብ ቆመዋል። ኮቴን እንኳን ሳልቆልፍ ሮጬ ወጣሁ።

"አባባ!"

"አላለብሳቸውም። አትጩሂ።" እንጨት መፍለጫው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ቆዳውን በራሳቸው ትከሻ ላይ ጣሉት። "መብረድ አለባቸው ብለሻል፤ ይብረዳቸው። ብቻቸውን አይሁኑ ብዬ ነው።"

ይሂዱ ይግቡ ልላቸው ነበር። ይታመማሉ ልላቸው ነበር። ግን እኔም ከጎናቸው ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊታችን ኪዩቦቹ፣ ከነሱ ወዲያ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወዲያ መንገዱ። አንድ መኪና ወደ ከተማ አለፈ። ሁለታችንም አየነው።

"አንቺም ይበርድሻል" አሉና የቆዳውን ግማሽ ጣሉብኝ።

ያው ክብደቱ። ያው ሽታው፣ ፀጉሩም አፌ ውስጥ ገባ። በእግሬ አልገፋሁትም። ጫፉን ይዤ ወደ ራሴ ሳብኩት።